መልስ፦ የአቃቂው የጭነት ባቡር የት ገባ?

ወንድሜ፣ «ድሮ አቃቂ ላይ የማየው የጭነት ባቡር የት ገባ?» ላልከው፣ መስመሩ ተቀይሮ ነው። ያ በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ 1.435 ሜትር ስለሆነ የድሮው ባቡር አይሄድበትም። ጭነቱ አሁን እንዶዴ ጣቢያ ነው የሚራገፈው። መንገደኛው የሚሳፈረው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው።

እኔ እንዶዴ አካባቢ ራቅ ብዬ ቆሜ አያለሁ። ኮንቴይነሩ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ዝገት የበላው፣ ተከታትሎ ሲያልፍ መቁጠር እጀምርና መሃል ላይ ይምታታብኛል። በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የድሮው የናፍጣ ጩኸትና ጭስ የለም (እውነት ለመናገር፣ ጩኸቱ ይናፍቀኛል)። እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ስለሆነ፣ ከቀናህ ሁለት ባቡር ሲተላለፍ ታያለህ። ሰዓቱን ግን አትጠይቀኝ፤ ቆሎ ይዘህ ሂድ።