«ደህና ሆኛለሁ፤ ታዲያ ኪኒኑን ለምን አላቆምም?»

ጥያቄ፦

ሲስተር ሰላም ነሽ? የ24 አመት ልጅ ነኝ፣ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። ዩኒቨርሲቲ አራተኛ አመት ላይ እያለሁ ነው የጀመረኝ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋብኝ፣ ለፈተና ብዬ ጫትም አበዛሁ፣ ከዛ ደረጃ ላይ የሚወጡ የሚወርዱ ጎረቤቶች ስለኔ የሚያወሩ ይመስለኝ ጀመር፣ በኋላማ ሰው በሌለበት ስሜን ሲጠሩኝ እሰማ ነበር። እናቴ ለወራት እንጦጦ ማርያም ጸበል አመላለሰችኝ፣ አልሻል ሲለኝ አጎቴ ሆስፒታል ወሰደኝና ዶክተሩ «ስኪዞፍሬንያ ነው፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። በቃ ይሄው ነው የተነገረኝ። ኪኒን ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው፣ ድምፁ ጠፍቷል፣ እተኛለሁ። ግን ያቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች፣ «እብድ ነኝ ማለት ነው?» እያልኩ አድራለሁ። ደግሞ እግሬ አላርፍ እያለኝ ቁጭ ማለት አልችልም። እናቴም «ልጄ ድነሃል፣ በቃ ተወው» ትለኛለች። ተሳስተው ቢሆንስ? ባቆመውስ? የምወዳት ልጅም አለች፣ ትምህርት ያቋረጥኩት ጨጓራ ታምሜ እንደሆነ ነው የምታውቀው። ምን ላድርግ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም፣ ኪኒኑን ለብቻህ እንዳታቆም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በር ላይ ቆሞ አይነገርም፣ ቁጭ ብሎ ነው የሚነገረው፣ ስለዚህ ያን ቀን ሊነገርህ ይገባ የነበረውን አሁን ልንገርህ።

ተሳስተው ቢሆንስ ማለትህ ነውር የለውም። ስኪዞፍሬንያ በደም ምርመራ ወይ በራጅ የሚታይ በሽታ አይደለም፣ ሀኪሙ ታሪክህን ሰምቶ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየብህ አይቶ (ብዙውን ጊዜ ስድስት ወርና ከዛ በላይ)፣ ጫቱ ብቻውን ያመጣው ነው ወይስ ሌላ የሰውነት ህመም አለ ብሎ አጣርቶ ነው የሚወስነው። ሌላ ሳይካትሪስት ይየኝ ብትል መብትህ ነው። ግን «ደህና ስለሆንኩ በሽታው የለብኝም» የሚለው ሀሳብ ላይ ተጠንቀቅ፣ በዚህ ሥራ ስቆይ ሰው ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ለምን መሰለህ፣ መድኃኒቱ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ቀነስ አድርጎ ነው ድምፁን የሚያበርደው፣ ሲቆም ደግሞ በሽታው ብዙ ጊዜ በማግስቱ አይመጣም። መጀመሪያ ላይ እንደውም ይቀልሃል፣ እግርህ ያርፋል፣ ድብርቱ ይለቅሃል፣ «አላልኳችሁም?» ትላለህ፣ እናትህም እልል ትላለች። ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ከዛ ያ ደረጃ እንደገና ማውራት ይጀምራል። ያኔ ደግሞ ማንም ከመድኃኒቱ ጋር አያገናኘውም። ከመጀመሪያው ህመም በኋላ ሀኪሞች ቢያንስ አንድ ሁለት አመት አስቀጥለው፣ ይቀንስ ከተባለም ቀስ ብለው፣ እያዩህ ነው የሚቀንሱት።

የእግርህ ነገር አካቲዥያ ይባላል። በዚህ ህመም መድኃኒቶች ላይ የታወቀ ሳይድ ኢፌክት ነው፣ ጭንቀት አይደለም፣ መቻልም የለብህም። ዶዙ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱ ሊቀየር ወይ የሚያስታግስ ሌላ ሊጨመር ይችላል። ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ሂድና ልክ ለኔ እንደጻፍከው «እግሬ አላርፍ እያለኝ ቁጭ ማለት አልችልም» በል፣ ዝም ብለህ «ይጨንቀኛል» ካልክ በሽታው ባሰበት ብለው ዶዙን ሊጨምሩት ይችላሉ።

ያቺ ቃል… እኛ አገር እብድ በሚል አንድ ቃል ስንቱን ሰው እንደቀበርነው ሳስበው ያመኛል። ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም ያወጣው ብሎይለር የሚባል የስዊዝ ሀኪም ነው፣ በ1908 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከግሪክኛ የተሰነጠቀ አእምሮ እንደማለት ነው፣ በዚህ የተነሳ ሰው ሁለት ማንነት አለው ይላል፣ እሱ ስህተት ነው። በአለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ አካባቢ አለበት፣ ወንዶች ላይ ደግሞ በብዛት የሚጀምረው ባንተው እድሜ ነው። የናትህ አስተዳደግ አላመጣብህም፣ ስንፍናህም አይደለም። ጫቱን ግን ከእንግዲህ ተወው፣ በሽታውን ጎትቶ ይመልሳል።

የኔ ታላቅ ወንድምም ይሄው ህመም አለበት። ቤተሰባችን ሰው እንዳያየው ብሎ የጓሮ ክፍል ውስጥ አመታት አስቀምጦታል፣ እኔም ጓደኞቼ ሲመጡ ወንድም እንዳለኝ አልናገርም ነበር፣ ዛሬም ይቆረቁረኛል። እሱ መድኃኒቱን ሦስቴ አቁሟል፣ ሦስቴም ተመልሶበታል። ከሦስተኛው በኋላ ለጎረቤት ሲናገር የሰማሁት «ህመም አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብቻ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ደግ ነው እኮ፣ ዕዳ አለብኝ ቀጠሮ አለብኝ እንደምንለው ስኪዞፍሬንያም አለብኝ ነው እንጂ ነኝ አይባልም። አንተ ግን ሌሊቱን ሙሉ «ነኝ» እያልክ ነው የምታድረው። ቃሉን እንድትወደው አልጠይቅህም። ያመለጠህ ምርቃት፣ ጓደኞችህ ገዋን ለብሰው የተነሱት ፎቶ ያስለቅስሃል፣ አልቅስ፣ የሚገባው ለቅሶ ነው። ግን ለቅሶው መኖር ወደ መጥላት ከሄደብህ፣ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሀሳብ ከመጣ፣ የዛኑ ቀን ለአጎትህ ነግረህ ሆስፒታል ሂድ፣ ላንተ ሰፈር የካ ኮተቤ ይቀርብሃል፣ አማኑኤልም አለ።

እናትህን አትጣላት። ጸበሉንም ተው አልልህም። በ1999 ዓ.ም. በኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ይሄው ክርክር ሲነሳ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ ብለዋል፣ ይሄንን ንገራት። ለጸበል የምትጾም ከሆነ ሀኪሙን ኪኒኑን ማታ ብወስደውስ በለው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ እሷን ይዘህ ግባ፣ እስካሁን በር ላይ ከሆነ የምትጠብቅህ ምንም አልሰማችም ማለት ነው። ለእህትህም አሁን ደህና እያለህ ንገራት፣ ሁለት ሌሊት ካልተኛሁ ወይ ስለጎረቤት ማውራት ከጀመርኩ ለአጎቴ ደውዪ በላት፣ ያኔ ብነጫነጭብሽም ደውዪ በላት።

ልጅቷን ንገራት፣ ግን ዛሬ አይደለም፣ እግርህ ይረፍ፣ ትንሽ ተረጋጋ። ጋብቻ ምናምን ከመነሳቱ በፊት ግን ማወቅ አለባት። ስትነግራት በበሽታው ስም አትጀምር። «ጨጓራ አልነበረም፣ ይቅርታ» በላት፣ ከዛ እንቅልፍ ማጣትህን፣ ደረጃው ላይ የሰማኸውን፣ አሁን ምን እንደምትወስድ ንገራት። ስሙን እሷ ስትጠይቅህ ትነግራታለህ።