ልጆቹ ማንበብ ካልቻሉ ዕዳው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የተመዘገበ አነስተኛ ማኅበር አለን። በዘጌና በሐይቁ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ማንበብና መጻፍ እናስተምራለን። አሁን አንድ የውጭ ገንዘብ አቅራቢ «በሶሻል ኢምፓክት ቦንድ እንሥራ» አለን። የውሉ ረቂቅ ላይ ግን «ብድር» የሚል ቃል አየሁ። ውጤት ካልመጣ ዕዳው የእኛ ነው? የእኔ ቤትስ ይነካል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትፈርሚ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ ቦንድ ይባል እንጂ ለህዳሴው ግድብ እንደገዛነው ዓይነት አይደለም። እዚያ ያበደርሽው ገንዘብ ጊዜው ሲደርስ ይመለስልሻል። እዚህ ግን ባለሀብቱ ገንዘቡን ያስቀድማል፣ እናንተ ታስተምራላችሁ፣ ገለልተኛ ገምጋሚ ልጆቹን ይፈትናል፤ ውጤት ከመጣ ሦስተኛ ወገን፣ መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ ድርጅት፣ ለባለሀብቱ ከነትርፉ ይከፍለዋል። ካልመጣ የሚከስረው ባለሀብቱ ነው። እናንተ አይደላችሁም።

ስለዚህ «ብድር» የሚለው ቃል ከረቂቁ ይውጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1733 ደግሞ የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዚያ ርቆ እንዳይተረጉም ይከለክላል። «በቃል ሲነግሩን እንዲህ አልነበረም» ብትይ ማን ይሰማሻል? በምትኩ «ውጤት ባይገኝ ማኅበሩ የተቀበለውን ገንዘብ የመመለስ ግዴታ የለበትም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ቤትሽን በተመለከተ አትስጊ። ማኅበሩ በሕግ የራሱ ሰውነት ስላለው ዕዳውም የራሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በግልሽ ዋስ ሆነሽ እንዳትፈርሚ።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ትምህርት ቤቶች በጸጥታ ምክንያት ቢዘጉስ? ብዙ ሰው «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ነው፣ ሕጉ ይጠብቀናል» ይላል። እውነት ነው፣ ቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ሳይቀር ይጠቅሳል። ግን ቁጥር 1792 አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነገር ከአቅም በላይ አይባልም ይላል፤ እኛ ደግሞ የክልላችንን ሁኔታ ዓይናችን እያየ ነው የምንፈርመው፣ ስለዚህ ሌላው ወገን «ይህን እያወቃችሁ ነው የገባችሁበት» ቢል ክርክሩ ቀላል አይሆንም። መፍትሔው ውሉ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ፣ መንገድ ወይም ጀልባ ከቆመ የግምገማው ጊዜ በዚያው ልክ እንዲራዘም፣ እስከዚያ የሠራችሁበት ወጪም እንዲሸፈን አስጽፉ።

«ውጤት» የሚለው ቃልም በደንብ ይፈታ። የትኛው ፈተና? በየትኛው ወር? የዘጌ ቡና ለቀማ ላይ ፈተና ቢያርፍ ቤተሰቡን ለማገዝ የቀረ ልጅ ሁሉ እንደወደቀ ሊቆጠር ነው። ቤተሰቡ ሌላ ቦታ የሄደ ልጅስ ከቁጥሩ ይወጣል ወይስ ይገባል?

ክፍያውም በየዓመቱ ሳይሆን በጠቅላላው የፕሮጀክት ዘመን ድምር ይታሰብ። ይህን የምልሽ በሕንድ ራጃስታን የሆነውን ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ኤጁኬት ገርልስ የተባለ ድርጅት በዚሁ መንገድ አስተማረ፣ ዩቢኤስ ኦፕቲመስ ፋውንዴሽን ገንዘቡን አስቀደመ፣ ሲፍ የተባለው የበጎ አድራጎት ፈንድ ለውጤቱ ከፈለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የልጆቹ የመማር ውጤት ከዕቅዱ በጣም ያነሰ ነበር። አስተማሪዎቹ አካሄዳቸውን አስተካከሉ፣ በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ተገለበጠ፣ መጨረሻ ላይ የዕቅዱ 160 በመቶ ደረሰ። በመጀመሪያው ዓመት ውጤት ብቻ ተፈርዶባቸው ቢሆን ኖሮ እዚያ አይደርሱም ነበር።

ሌላው፣ ረቂቁ ውስጥ «ልዩነት ቢኖር የእንግሊዝኛው ቅጂ ይጸናል» ወይም «ክርክር በውጭ አገር ግልግል ይታያል» የሚል አንቀጽ ፈልጊ። ባሕር ዳር ያለ አነስተኛ ማኅበር ለንደን ሄዶ መከራከር አይችልም። ግልግሉ እዚሁ አገር ይሁን፣ የአማርኛውም ቅጂ እኩል ይጽና በሉ። ከዚያ ረቂቁን ለቦርዱ በሙሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ አንብቢላቸው፤ ያልገባው አንድ ሰው እንኳ ካለ ፊርማው ይቆይ።