ካሜራውን ተይውና መጀመሪያ «ማን ያዛል?» በይ

«የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን) ክፍላችንን ሩቅ ካሉ ስፔሻሊስቶች ጋር በቪዲዮ ልናገናኝ ነው። አስተባባሪ አድርገውኛል። የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦

ከላይ የመለሱልሽ ሁሉ ካሜራ መርጠውልሻል። እኔም ያኔ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ጽሑፌ ረዘም ይላል። ጊዜ ከሌለሽ ሦስተኛውን ብቻ አንብቢ።

የአይሲዩ ነርስ ነኝ። እኔንም እንዳንቺው ድንገት ነው «አስተባባሪ» ያሉኝ። ሺፍቴ አልተቀነሰልኝም፣ ሥራው ብቻ ተደረበብኝ። ያንቺም ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ካሜራ። የሚዞርና አቅርቦ የሚያሳይ ይሁን፣ በቃ። ከወዲያ ያለው ሐኪም የበሽተኛውን የዓይን ብሌን ማየት፣ የቬንትሌተሩን (የመተንፈሻ ማሽኑን) ቁጥር ማንበብ ከቻለ ሌላ አትፈልጊ። ይልቅ ማይኩ ላይ ተጨነቂ። ሦስት ማሽን ባንዴ በሚጮህበት ክፍል ውስጥ ደካማ ማይክ የቃሉን መጀመሪያ ይበላዋል። «አሥራ አምስት» ሲሉሽ «አምስት» ይደርስሻል። መድኃኒት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። እኛ አንድ ቀን ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከዚያ ወዲህ የታዘዘውን ነርሷ ጮክ ብላ ትደግማለች። ሐኪሙ «አዎ፣ ልክ ነው» ሳይል ማንም መድኃኒቱን አይነካም።

2. መብራትና ኔትወርክ። ሞኒተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ፣ ካሜራው ዩፒኤስ ላይ፣ ስክሪኑም ዩፒኤስ ላይ። አሪፍ። ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ስዊች (የኔትወርክ ማከፋፈያ ሳጥን) ግን ኮሪደር ላይ ተራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይበራል፣ ሐኪሙ ብቻ ይጠፋል! ይህን ለማስተካከል አይቲ ክፍል አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። «ሲስተር፣ እኛ የምንሠራው በደብዳቤ ነው» አለኝ አንዱ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። ደብዳቤ አጽፌ ሄድኩ። «ይሄማ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፣ ጥገና ክፍል ሂጂ።» ጥገና ክፍል ስሄድ «ይሄማ የኔትወርክ ነው።» በመጨረሻ የአይቲውን አለቃ ለምኜ አመጣሁት። ባዶ አልጋ አጠገብ አቆምኩትና ሄጄ የስዊቹን ሶኬት ነቀልኩ። ስክሪኑ ጭልም አለ። በማግስቱ ተሠራ። አንቺ ደብዳቤውን ዝለይውና ከመንቀሉ ጀምሪ።

3. ማን ያዛል? እዚህ ጋ ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርሽ።

ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ወር ነው። የሳንባ ምች የያዛት በሽተኛ ቬንትሌተር ላይ ነበረች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ኦክስጅኗ መውረድ፣ የግፊት አላርሙ መጮህ ጀመረ። ተረኛው ሐኪም ድንገተኛ ክፍል ሌላ ሰው ላይ ነው። የጥሪውን ቁልፍ ተጫንኩ። ደቂቃ ሳይሞላ የሩቋ ሐኪም ስክሪኑ ላይ መጣች። ካሜራውን አዙራ ማሽኑን አየችው። ስለ ደም ምርመራ ትጠይቀኛለች ስል «ሲስተር፣ ቁመቷ ስንት ነው?» አለችኝ።

ቻርቱን ገለጥኩ። ክብደት 80 ኪሎ ይላል። የቁመቱ ቦታ ባዶ ነው። ለካ ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚገፋውን አየር ያሰሉት በክብደቷ ነው፦ 480 ሚሊ ሊትር። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም። ስሌቱ በቁመት ነው መሠራት ያለበት። ሜትር ፈልጌ ከራሷ እስከ ተረከዟ ለካኋት። 160 ሴንቲ ሜትር ሆነች። ለዚህ ቁመት፣ ለሴት፣ የሚታሰበው ክብደት 52 ኪሎ ገደማ ነው። በኪሎ 6 ሚሊ ሲባል 315 አካባቢ ይመጣል። እኛ አንድ ተኩል እጥፉን ስንነፋባት ነው ያመሸነው።

«እንቀንሰው፣ የትንፋሹን ቁጥር ደግሞ ከፍ እናድርገው፣ አብሬሽ ነኝ» አለችኝ። እጄ ማሽኑ ጋ ደርሶ ቆመ። የክፍላችን ኃላፊ ሐኪም ገና ሲጀመር በስብሰባ ላይ «ከስክሪን የሚመጣው ምክር ነው። ያለ እኔ ፈቃድ ቬንትሌተር የነካ ራሱን ችሎ ይጠየቅበታል» ብለው ነበር። ደወልኩላቸው። አያነሱም። ደገምኩ። ተረኛውን አስጠራሁ። «ልተወው የማልችል ሰው ይዣለሁ፣ ጠብቂኝ» አለ። እሷ ስክሪን ላይ፣ እኔ ማሽኑ ፊት። መደረግ ያለበትን ሁለታችንም እያወቅን 40 ደቂቃ ተያየን። በመሀል «እባክሽ ሲስተር» ያለችኝ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሊነጋጋ ሲል በሳንባዋ ዙሪያ አየር ተጠራቅሞ ተገኘ። ደረቷ ላይ ቱቦ ገባላት። ተርፋለች፣ በእግሯ ሄዳ ነው የወጣችው። ግን ብዙ የአልጋ ቀን ተጨምሮባት ነው። በዚያ 40 ደቂቃ የመጣ ነው ብዬ አልምልም። አይደለም ብዬም አልምልም። ጠዋት ኃላፊው «ለምን ደጋግመሽ አልደወልሽም?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። 11 ጊዜ።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። ቴክሳስ ውስጥ ስድስት አይሲዩዎችን ከሩቅ ሲከታተሉ ቆይተው፣ የሞት ቁጥሩ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። ዝርዝሩን ሳነብ የእኛኑ ሌሊት ያየሁ መሰለኝ። ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት በሽተኞች ሐኪሞቻቸው ለሩቁ ቡድን የሰጡት ሥልጣን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2011 ደግሞ ከማሳቹሴትስ፣ 6,290 በሽተኞች የተካተቱበት ሌላ ጥናት ወጣ። እዚያ የሩቁ ቡድን ለአላርም ምላሽ ሲዘገይ ራሱ ይገባ ነበር። የአዲስ ገቢ በሽተኞችን የሕክምና ዕቅድ ያይ፣ መደረግ ያለበት መደረጉንም ይከታተል ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ከ13.6 በመቶ ወደ 11.8 በመቶ ወረዱ። ልዩነቱ ሥልጣን ብቻ ነው አልልም፣ ብዙ ነገር ተደራርቧል። እኔ ግን ሁለቱንም አትሜ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። «ገና ያልተፈተነ ነገር» ሲሉኝ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቨርጂኒያ፣ ኖርፎክ ውስጥ ሲሠራበት እንደቆየ ነገርኳቸው። ደስ አላላቸውም። እኔን ግን ደስ ብሎኛል።

አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀሁ። ሦስት ክፍል አለው። የልብ መቆምና የመሳሰለው ከሆነ የሩቁ ሐኪም ወዲያው ያዛል፣ እኛ እንፈጽማለን፣ ተረኛው በኋላ ይነገረዋል። የቬንትሌተር፣ የደም ግፊት መድኃኒትና የማደንዘዣ ማስተካከያ ከሆነ ተረኛው ይደወልለታል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ የሩቁ ትእዛዝ ይፈጸማል። ቀዶ ሕክምና፣ ሕክምና ማቆምና ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ ከባድ ንግግር ደግሞ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ ላለው ሐኪም ይተዋል። ሌሎቹ ሲኒየር ሐኪሞች ሁሉ ፈረሙበት። ኃላፊው ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አቆዩት። ታዲያ አንድ ሌሊት የራሳቸው በሽተኛ ግፊቱ ወርዶ፣ እሳቸው ሳይነሱ ከስክሪኑ ተስተካክሎ አደረ። በማግስቱ ቅጹ ተፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። አንድም ቃል አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር እንዳትረሺ፣ ከወዲያ የሚያዙት ሐኪሞች እናንተ ዘንድ ለመሥራት ፈቃድ ያላቸው መሆኑን የሕግ ክፍላችሁ በጽሑፍ ያረጋግጥልሽ። ትእዛዙም በማን ስም ቻርት ላይ እንደሚገባ ይወሰን። እኛ ይህን ዘግይተን ነው ያስታወስነው።

4. የእኛው ሰዎች። ነርሶቹ ካሜራውን ሰላይ አድርገው ነው ያዩት። አንዷ ፎጣ ጣል አደረገችበት። ማን እንደሆነች አልናገርም፣ ምክንያቱም ጓደኛዬ ናት። መፍትሔው ቀላል ነበር። ማንም ካልጠራው ካሜራው ወደ ግድግዳ ይዞራል። ወደ አልጋው ከመዞሩ በፊት እንደ በር ደወል ይደውላል። ፎጣው በዚያው ቀረ። የወዲያዎቹን ሐኪሞች ደግሞ አንድ ሌሊት እኛ ጋ መጥተው እንዲያድሩ ጠየቅኩ። አንዷ መጣች፣ ያቺው የቁመቷ ሐኪም። የደም ጋዝ (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ ምርመራ) ለማሠራት ናሙናውን ይዘን ሌላ ፎቅ እንደምንሮጥ ስታይ፣ በየሰዓቱ ማዘዟን ተወች።

አስተዳደሩ «የአልጋ ቀን ይቀንሳል አይደል?» ቢልሽ ቃል አትግቢ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከብራዚል የወጣው ጥናት 30 አይሲዩ ላይ ከሩቅ በየቀኑ ራውንድ (የሐኪም ጉብኝት) ሲደረግ የአይሲዩ ቆይታውን እንዳላሳጠረው ነው ያሳየው። ቃል ከገባሽ በዓመቱ ይጠይቁሻል።

ቅጹን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የሆስፒታሉን ስም አጥፍቼ እልክልሻለሁ። እስከዚያው አንድ ሜትር ፈልጊና ቬንትሌተሩ ላይ እሰሪው። የእኛ በፋሻ ነው የታሰረው።