ርካሹን ልግዛ ወይስ አስተማማኙን? የጎንደር ኮምፒውተር ገዢዎች ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ሊገዙ ያሰቡ የከተማችን ሰዎች ያነሷቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ገብታለች። በተቀራራቢ ዋጋ አዲስ ሴሌሮን (አነስተኛ አቅም ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር) ላፕቶፕና ያገለገለ ቲንክፓድ ላፕቶፕ አገኘሁ። አዲሱ አይሻልም?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ። እኔ ብሆን ያገለገለውን እወስዳለሁ። ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 4 ጊጋ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ነው። ነገ ሲያንሳት መጨመር አይቻልም። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ ግን ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ናቸው። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፤ ዲስካቸው ይቀየራል፤ የብዙዎቹ ራምም ይጨመራል።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩልኝ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከዚያ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ዲስኩን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያስፈትሹ። ቻርጀሩን ነቅለው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያሠሩት። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ። ገንዘብ ከተረፈዎት አዲስ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ያስገቡላት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። የማሽኔ ፕሮሰሰር ኢንቴል 6ኛ ትውልድ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት። ምንም አልሆነም። ወደ ሊኑክስ ልዙር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽንሽ መሥራቱን አያቆምም። አዲስ የጥበቃ ማሻሻያ ግን ለተራዘመ ድጋፍ ካልተመዘገበ አይደርሰውም፤ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ትቀበያለሽ።

በዊንዶውስ ምትክ ከሚጫኑት የሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፤ በአሮጌ ማሽን ላይም ደህና ይሄዳል። ግን ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው) እና ፒችትሪ (የሒሳብ መያዣው) የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። የደንበኛ የወርድ ጽሑፍም በሊኑክስ የጽሕፈት ፕሮግራም በሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት አሰላለፉ ሊዛባ ይችላል። በደንበኛ ሥራ ላይ ይህን አትሞክሪው። ሁለተኛ አሮጌ ኮምፒውተር ካለሽ ሊኑክሱን እሱ ላይ ጫኚና ፍላሽ መቀበያ አድርጊው። የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ላይ አይነሣም፤ የሚፈለገውን ፋይል ብቻ ለይተሽ ታወጫለሽ። የምትጽፊበትን ማሽን ከኢንተርኔት አላቂው።

ጥያቄ፦ ክራክ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ዊንዶውስስ? ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው።

መልስ፦ ክራኩን ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ትባላላችሁ። በዚያች ደቂቃ ምን አብሮ እንደገባ አታውቁም። ብዙ ያገለገሉ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ውስጥ አለ። ትክክለኛውን ቅጂ ስትጭኑ ራሱ ይነቃል። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለመብራቱ ስታብላይዘር አይበቃም? ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ተወደደብን።

መልስ፦ አይበቃም። ስታብላይዘር የኃይሉን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን አያቆይም። ዲስክ እየጻፈ ሳለ ሲቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ አንዳንዴ ዊንዶውሱም አልነሣ ይላል። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የጠፋባቸው ተማሪዎች ስላጋጠሙኝ እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ከፕሮሰሰሩ አንድ ደረጃ ቀንሱና ዩፒኤስ ግዙ። ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ ይበቃችኋል። ባትሪው ግን ያረጃል፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ለመቀየር ተዘጋጁ። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከባድ ነው።

ዴስክቶፕና ዩፒኤስ አብራችሁ ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ ዴስክቶፑን ትታችሁ ላፕቶፕ ግዙ። ባትሪው አብሮት አለ።

ጥያቄ፦ አዘዞ የግል ክሊኒክ አለን። የታካሚ መዝገብ የሚይዘውን ኮምፒውተር ሁለት ዲስክ አድርገን በሬይድ 1 (አንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም ላይ እንዲጻፍ) አያይዘነዋል። ሌላ መጠባበቂያ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሬይድ 1 አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል። ሠራተኛ በስህተት የሰረዘው መዝገብ ግን በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል። ቫይረስ የቆለፈውም እንደዚያው። ሌባ ሳጥኑን ይዞት ከሄደ ሁለቱም ዲስኮች አብረው ሄዱ። ስለዚህ ሁለት የውጭ ሀርድ ዲስክ ግዙ፤ በየማታው ቅጂ ውሰዱ፤ በየሳምንቱ አቀያይሯቸው። ከሥራ ውጭ ያለው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተቆልፎበት ይቀመጥ። የታካሚ ምስጢር ስለሆነ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። በወር አንዴ ደግሞ ከቅጂው ላይ አንድ መዝገብ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት።