መልስ፦ ጓሮ ያገኘኋት የብረት አግዳሚ ወንበር የየት ናት?

ሰላም ወንድሜ። ለንደን የተከራየኸው ቤት ጓሮ ያገኘሃት፣ ፈርን የሚባለው ተክል ቅጠል ንድፍ ያለባት ወንበር በጣም ደስ ትላለች!

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋባት። ካልያዘ አልሙኒየም ነው፤ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ናት። ከያዘ ገልብጣትና ከጀርባዋ ዳይመንድ የመሰለ (በአንድ ማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን) የንድፍ ምዝገባ ማህተም ፈልግ። አናቱ ላይ ክብ ውስጥ የሮማ ቁጥር አንድ ካለ፣ ብረታ ብረት ማለት ነው። እንግሊዞች ይህን ማህተም የተጠቀሙበት በፈረንጆቹ ከ1842 እስከ 1883 ነው። ዓመቱን የሚያመለክተው ፊደል እስከ 1867 በዳይመንዱ የላይኛው ማዕዘን፣ ከክቡ በታች ነበር፤ ከ1868 ጀምሮ ወደ ቀኝ ማዕዘን ዞረ። ግን ልብ በል፣ የሚነግርህ ንድፉ የተመዘገበበትን ቀን እንጂ ወንበሯ የተሠራችበትን አይደለም።

በፈርን ንድፍ ስሙ የገነነው በእንግሊዝ የሽሮፕሻየር አውራጃው ብረት አቅላጭ ኩባንያ ኮልብሩክዴል ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ ብረቱ ላይ ይወጣል። ንድፉ ግን ብዙ ተቀድቷል። ስለዚህ ቅጠሉን በጣትህ ዳስሰው። ጥሩ ኦሪጅናል ላይ የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ይሰማል። ከሌላ ወንበር ላይ ቅርጹ ተወስዶ የፈሰሰ ከሆነ ጅማቱ ይደበዝዛል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብም መጠኑ ትንሽ ያንሳል።

አደራ፣ ቀለሙን ደረቁን እንዳትፍቀው። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው መርዝ ነው። ማህተሙን ካገኘህ ፎቶውን ለጥፍልን፣ ፊደሎቹን አብረን እናነባለን።