አሰልጣኙ ውሉ ሳያልቅ ለምን ይሄዳል?

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። የዩኒቨርሲቲው ፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ ቤትዎ ድረስ መጥቶ፣ ቡናዎን ጠጥቶ፣ ልጅዎ እስኪመረቅ ከጎኑ እንደማይለይ ከነገረዎት በኋላ፣ ልጁ በፈረመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ የአምስት ዓመት ውል ያለው ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል፣ ሲናገር የነበረው ሁሉ ውሸት ነበር ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔ በምዕራብ አሜሪካ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአሜሪካ ፉትቦል (በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት) ተጫዋቾችን በትምህርታቸው በሚረዳ ቢሮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁለት ዋና አሰልጣኞች በፈቃዳቸው ሲሄዱ፣ አንዱ ደግሞ ሲሰናበት በቅርብ አይቻለሁ።

በእኔ እምነት አብዛኞቹ አይዋሹም። ያን ምሽት የተናገረውን ከልቡ ተናግሮት ይሆናል፤ ችግሩ ቃል የገባበት ነገር በእጁ አለመሆኑ ነው። ይህን ስል ግን የሁሉንም አኳኋን መደገፌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ሜል ተከር የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ እንደሚቀጥል በይፋ ከገለጸ በኋላ፣ በቀናት ልዩነት ወደ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዷል። ኮሎራዶ የቆየው አንድ የውድድር ዓመት ብቻ ሲሆን፣ የዚያ ዓመት ልጆች ፈርመው ጨርሰው ነበር። የእነዚያ ልጆች እናቶች ዛሬ እርስዎ የጠየቁትን ጥያቄ ሳይጠይቁ አልቀሩም።

የአሰልጣኝ ውል ሰውን አጥብቆ የሚያስር ይመስላል እንጂ የመውጫው ዋጋ እዚያው ላይ ተጽፏል። ሳያልቅ ቢሄድ ለትምህርት ቤቱ (ለዩኒቨርሲቲው) ይህን ያህል ይከፈላል ይላል፤ ገንዘቡንም ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው የሚወስደው ዩኒቨርሲቲ ነው። በሌላ ወገን፣ ትምህርት ቤቱ ያለ ጥፋቱ ካሰናበተው ብዙ ጊዜ የቀረውን ደመወዝ ወይም ከፊሉን ይከፍለዋል፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት የነበረበት ዕዳ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ስለዚህ ውሉ የሚወስነው መለያየቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እንጂ አብሮ መቆየቱን አይደለም።

ሲያትል የምትኖሩ አንባቢዎች የ2024ን ጃንዋሪ የምትረሱት አይመስለኝም። አሰልጣኝ ኬለን ዲቦር የከተማችሁን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን በሁለት ዓመት ውስጥ 25 ጊዜ አሸናፊ አድርጎ፣ 3 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ ቡድኑን ለብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ አብቅቶ ነበር። ጃንዋሪ 8 በሚሺጋን ተሸነፉ፤ ጃንዋሪ 10 የአላባማው ኒክ ሴባን ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ዲቦር የአላባማ አሰልጣኝ ሆነ። ዋሽንግተን ጄድ ፊሽን ከአሪዞና ወሰደ፣ አሪዞና ብሬንት ብሬናንን ከሳን ሆዜ ስቴት ወሰደ፣ ሳን ሆዜም በተራው ሌላ ፈለገ። የአንድ ሰው ጡረታ የሦስት ትምህርት ቤቶችን ቤት በሁለት ሳምንት ውስጥ አናጋው። ከሦስቱ አሰልጣኞች አንዳቸውም ቢሆኑ በታኅሣሥ ልጆች ሲያስፈርሙ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ዲቦር ለምን ሄደ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ደመወዝን በመጀመሪያ አልጠራም። የአሰልጣኝ ተፈላጊነት የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። ጨዋታውን የሚመራውን ኳርተርባክ ማይክል ፔኒክስን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾቹ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ወደ ኤን ኤፍ ኤል፣ ሊሄዱ ነበር፤ ዋሽንግተንም በቀጣዩ ዓመት 6 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ቢቆይ ኖሮ ያ ውጤት በእሱ ስም ይመዘገብ ነበር፣ የአላባማም በር ዳግመኛ ላይከፈት ይችል ነበር። እኔ ጋ የነበረ አንድ ረዳት አሰልጣኝ፣ አሥር ጨዋታ ባሸነፍንበት ዓመት፣ «ስልኬ የሚጠራው በዚህ ወር ብቻ ነው» ብሎኝ ያውቃል።

የሚሄዱበትም ቦታ መታየት አለበት። ሌን ኪፊን በኖቬምበር 2025 መጨረሻ፣ 11 አሸንፎ 1 ብቻ የተሸነፈውን ኦል ሚስን (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን) ለብሔራዊ ሻምፒዮናው የጥሎ ማለፍ ውድድር ሊያልፍ ሲል ትቶ ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄደ፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ተቀይሞታል። ነገር ግን በሉዊዚያና ስቴት ሴባን በ2003፣ ሌስ ማይልስ በ2007፣ ኤድ ኦርጄሮን በ2019 የብሔራዊ ሻምፒዮና ዋንጫ አንሥተዋል። ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያሸነፉበትን ቤት አሰልጣኝ ሁሉ ይመኛል። አሁን ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ስለተፈቀደላቸው፣ አሰልጣኙ ስለራሱ ደመወዝ ከመጠየቁ በፊት ለተጫዋቾች ምን ያህል እንደተመደበ ይጠይቃል። የእኛ ሁለተኛው አሰልጣኝ የሄደው ቀጥሮት የነበረው የስፖርት ዳይሬክተር ለቅቆ፣ አዲሱ ዳይሬክተር የተገባለትን የቤት ውስጥ ልምምድ ሜዳ ስለሰረዘበት ነው። ይህን ማንም ጋዜጣ አልጻፈውም።

እኔ በሠራሁበት ዩኒቨርሲቲ አንዱ አሰልጣኝ ሲሄድ ያየሁት አንድ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። በምልመላው ክፍል ነጭ ሰሌዳ ላይ የልጆቹ ስም በማግኔት ላይ ተጽፎ ይለጠፍ ነበር። አሰልጣኙ ማክሰኞ ጠዋት ተጫዋቾቹን ሰብስቦ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተሰናበታቸው። ከሰዓት በኋላ ስገባ ከማግኔቶቹ ሲሶው ተነሥቷል፤ ወደ አዲሱ ቤት ሊጠሩ የታሰቡት ልጆች ነበሩ። የቀሩትን ስሞች ቆሜ አነበብኋቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ በማግሥቱ ቢሮዬ መጥተው ትምህርታቸው ምን እንደሚሆን ሲጠይቁኝ አለቀሱ።

ስለዚህ እህቴ፣ በዚህ ሳምንት እንዲህ ያድርጉ። ልጅዎ የፈረመው ከዩኒቨርሲቲው ጋር እንጂ ከአሰልጣኙ ጋር ስላልሆነ፣ ስኮላርሺፑ በአሰልጣኙ መሄድ አይሰረዝም፤ ወረቀቱን አውጥተው የገንዘቡን መጠንና ዘመኑን ይመልከቱ። ዋና አሰልጣኝ ሲለቅ ለተጫዋቾች የተለየ አጭር የዝውውር ጊዜ ስለሚከፈት፣ ልጁን የሚመለከተውን ትክክለኛ ቀን የስፖርት ክፍሉን ደንብ አስከባሪ ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከሄደው አሰልጣኝ ስልክ ቢደወልም ልጁ ያን ቀን መልስ አይስጥ። ልጅዎን በየቀኑ የሚያሠለጥነው ረዳት አሰልጣኝ ይቀር ወይም ይሄድ እንደሆነ ይጣራ፤ ለአንድ ልጅ ከዋናው ይልቅ የዚያ ሰው መሄድ ሲጎዳ አይቻለሁ። አዲሱ አሰልጣኝ ሲደውል ደግሞ፣ ልጅዎ ሲጫወት አይቶት እንደሆነና በየትኛው ቦታ ሊያሰልፈው እንዳሰበ ይጠይቁት።