«ጭቃ ሹም» ለፊሊፒንስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ስለ ስፔን ዘመን ፊሊፒንስ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ካቤሳ ደ ባራንጋይ»ን የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ «ጎቤርናዶርሲልዮ»ን አገረ ገዥ፣ «አሊፒን»ን ባሪያ አልኩ። ጓደኛዬ ሦስቱም አይሆኑም አለኝ። እርስዎስ?

መልስ፦ ጓደኛዎ አልተሳሳተም። ለዛሬዋ ፊሊፒንስ «ባራንጋይ»ን ቀበሌ ማለት ያስኬዳል፤ የመጨረሻው የአስተዳደር እርከን ነውና። ለዚያ ዘመን ግን «የቀበሌ ሊቀ መንበር» ካሉ አንባቢ ደርግ ትዝ ይለዋል። ካቤሳው የጥንቶቹ የአገሬው አለቆች፣ የ«ዳቱ»ዎቹ ወራሽ ነው። ስፔኖች ከ1565 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገሩን ሲይዙ አለቆቹን አልነቀሏቸውም፤ ግብር አስገባሪ አደረጓቸው። ካቤሳው ከ40 እስከ 50 ቤተሰብ ይመደብለታል። ግብሩን ይለቅማል፣ ሰዉን ለግዳጅ ሥራ ያስወጣል፣ ግብሩ ከጎደለ ተጠያቂው እሱ ነው። በምላሹ እሱና የበኩር ልጁ ከግብርም ከግዳጅ ሥራም ነፃ ናቸው። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ጭቃ ሹም ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

የእነዚህን አለቆች መደብ ስም፣ «ፕሪንሲፓሊያ»ን፣ «ባላባት» ይበሉት። ከምኒልክ ዘመቻ በኋላ የደቡብ ባላባቶቻችንም በመንግሥትና በገባሩ መሃል የቆሙት እንዲሁ ነበር። «መኳንንት» ግን ይበዛባቸዋል።

ጎቤርናዶርሲልዮ በስፔንኛ «ትንሹ ገዥ» ማለት ነው፤ አንድ ከተማን ከነዙሪያው ያስተዳድራል። «አገረ ገዥ»ን ከእሱ በላይ ላለው ስፔናዊ፣ ለ«አልካልደ ማዮር» ይቆጥቡት። ለዚህኛው «የከተማ ሹም» ይበቃዋል። ግሱ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ «ተመረጠ» ብቻ ካሉ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠ ይመስላል። የሚመርጡት ባላባቶቹ ናቸው፣ የሚያጸድቁት ስፔኖቹ፤ የደብሩ ቄስም እጃቸው አይጠፋበትም። «በባላባቶቹ ተመርጦ ተሾመ» ቢሉ ነገሩ ይገለጣል።

ከባዱ «አሊፒን» ነው፤ ሁለት ዓይነት ነውና። «ናማማሃይ» የሚባለው የራሱ ቤት አለው፣ ከምርቱ ለጌታው ያካፍላል። «ጭሰኛ» እንዳይሉት መሬቱን ለልጁ ያወርሳል፤ «ገባር» ይሻላል። «ሳጊጊሊድ» ግን በጌታው ቤት የሚያድር፣ ሊሸጥም የሚችል ነው፤ እሱን «ባሪያ» ቢሉት ማንም አይቆጣዎትም። ጽሑፉ የትኛውን እንደሆነ ካልለየ «አሊፒን»ን እንዳለ ይተዉና መጀመሪያ በመጣበት ቦታ ባንድ ዐረፍተ ነገር ያብራሩት።